አንድ ቀስት፣ አንድ ጉም፣ የአርባ ደቂቃ ጭቅጭቅ

ቅዳሜ ማታ ማታ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ቤት አምስት ሆነን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን። ለማታውቁት፦ አንዱ ሰው ታሪኩን ይመራል፣ ዲኤም ይባላል፣ እሱ እኔ ነኝ። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። የሚሞክሩት ነገር ይሳካ አይሳካ ደግሞ ባለ 20 ገጹ ዳይስ ይወስናል። ሲያወሩት ቀላል ነው። የተጫዋቾቹ መጽሐፍ ብቻ ግን ከ300 ገጽ በላይ አለው።

አንድ ማታ ጨዋታው ቀጥ አለ። አቦል ላይ የጀመርነው ክርክር በረካ ላይም አላለቀም። ያከራከረን አንድ ቀስት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አስማተኛዋ ሽፍቶቹ ላይ ጉም ለቀቀችባቸው። ቀስተኛችን ከእነሱ 200 ጫማ ርቆ ኮረብታ ላይ ነው ያለው። የያዘው ትልቁን ቀስት ሲሆን እስከ 150 ጫማ ያለ ችግር ይመታል፤ ከዚያ አልፎ እስከ 600 ጫማ መተኮስ ይቻላል፣ ግን በዲስአድቫንቴጅ፣ ማለትም ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን ቁጥር ይወስዳል። ጉም ውስጥ ያለውን ሰው ስለማያየው በዚያም ሌላ ዲስአድቫንቴጅ አለበት። በሌላ በኩል ሽፍታውም እሱን አያየውም። የማያይህን ሰው ስትመታ ደግሞ አድቫንቴጅ ታገኛለህ፣ ሁለት ጥለህ ትልቁን ትወስዳለህ።

እና እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲመጡስ? ሕጉ ይጣፋሉ ነው የሚለው። ሁለት ለአንድ ይሁን አምስት ለአንድ፣ አይቆጠርም። አንድ ዳይስ ጥለህ ትገላገላለህ።

እስቲ አስቡት። ጉሙ ባይኖር ኖሮ ልጁ በርቀቱ ይቸገር ነበር። ጉም ሲመጣ ቀለለው! የሚያየውን ሰው ከሚመታው የማያየውን ሰው አሻሽሎ ይመታል ማለት ነው።

«እንዴ፣ ይሄማ አይሆንም» አልኩና እዚያው ሕግ አወጣሁ፦ እንቆጥራለን፣ የበዛው ያሸንፋል። ሁለት ዲስአድቫንቴጅ አንድ አድቫንቴጅን ይበልጣል፣ አለቀ። ቀስተኛው አጉረመረመ፣ ትንሹን ወሰደ፣ ሳተ። እኔም ፍርድ የሰጠሁ ዳኛ ይመስል ኮራ ብዬ ቀጠልኩ።

ኩራቴ አንድ ተራ እንኳ አልቆየም።

ተራው የሮጉ ነበር (እኛ ሌባው ነው የምንለው)። ሌባው ጉሙ ውስጥ ገብቷል፣ ከዚያ በፊት ተመርዟል፣ መመረዝ ደግሞ ለማጥቃት ዲስአድቫንቴጅ ነው። የሌባ ጉልበቱ በሙሉ ያለው አድብቶ መውጋት ላይ ነው፤ በደረጃ 5 ባለ 6 ገጽ ዳይስ ሦስት ይጨመርለታል። ይህን የሚያገኘው አድቫንቴጅ ካለው ነው፣ ወይም ጓደኛው ጠላቱ አጠገብ ቆሞ እሱ ዲስአድቫንቴጅ ከሌለበት። በመጽሐፉ ሕግ ሁሉም ስለሚጣፋ ምንም የለበትም ይባላል፣ ጓደኛውም ጠላቱ አጠገብ ስለነበር ይወጋል። በእኔ አዲስ ሕግ ግን ጉሙና መርዙ ሁለት ሆኑ፣ ሦስቱ ዳይስ ቀሩበት።

«አንተ እኮ እሱን ልትቀጣ ብለህ እኔን ነው የቀጣኸኝ» አለኝ። ልክ ነው።

ከዚያማ ሁሉም መጽሐፍ ገለጠ። አንዱ የ2014ቱን እትም፣ ሌባው የ2024ቱን። ሌባው ሲደበቅ በአሮጌው ዳይሱ ከጠላቱ ንቃት ጋር ይወዳደራል፣ በአዲሱ 15 ካመጣ ተደበቀ ነው። ለካ ለወራት እሱ በአንዱ እኔ በሌላው ስንጫወት ኖረናል። እንደ መጻሕፍት ቤት መምህር «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያልን ትርጓሜ ስናበዛ አስማተኛዋ ስልኳን አወጣች። ተጫዋች ስልኩን ካወጣ ማታው አልቋል።

ያዳነን ተዋጊውን የሚጫወተው ጓደኛችን ነው። አዲስ አበባ ሕግ ተምሯል፣ እዚህ ሥራው ሌላ ነው። «ወንድሜ፣ እኛ ስንማር ልዩ ሕግ ከጠቅላላ ሕግ ቅድሚያ አለው ይባላል። ከዚያ በፊት ግን ሕጎቹ እውነት ተጋጭተዋል ወይ ብለህ ነው የምትጠይቀው» አለኝ። የሚገርመው የ2014ቱ መጽሐፍም መግቢያው ላይ ያንኑ ይላል፤ ልዩው ጠቅላላውን ያሸንፋል። ማን መግቢያ ያነባል?

እሑድ ጠዋት ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ጉም ውስጥ ሆነን የምንጣላባቸውን ነገሮች በሙሉ ስጽፋቸው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ሆነው ተገኙ፤ እኛ አንድ አድርገናቸው ነበር። ሰውዬው የት እንዳለ አውቃለሁ? ዒላማ ላደርገው ይፈቀድልኛል? ዳይሱስ ስንት ነው?

የመጀመሪያው ላይ እኔ ራሴ ስሳሳት ኖሬያለሁ። ስላልታየ ብቻ ተደብቋል ማለት አይደለም። ጉም ውስጥ ያለ ሰው ለመደበቅ ካልሞከረ ድምፁ ይሰማል፣ ቦታው ይታወቃል። ሁለተኛው የአስማቶቹን ቃል በቃል ማንበብ ነው። ማጂክ ሚሳይል «የምታየው ፍጡር» ይላል፣ ስለዚህ ጉም ውስጥ ላለ ሰው አይሠራም። ፋየርቦል (የሚፈነዳ የእሳት ኳስ) የሚጠይቀው ነጥብ ነው፣ ሰው ማየት አይልም። እና ፋየርቦልም ጉሙም ራዲየሳቸው እኩል 20 ጫማ ነው። ይህን ለአስማተኛዋ መንገሬ ስህተት ነበር፣ ሌባው አሁንም ያነሳብኛል።

ሦስተኛው፣ የዳይሱ ጉዳይ፣ ጋር ስደርስ ነው የነቃሁት። እዚያ ምንም ግጭት የለም። ሕጉ ጥርት ያለ ነው፤ ያልጣመኝ ውጤቱ ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ «ሕጉ ግራ ያጋባል» ስል የነበረው እኔ ሕጉን ስላልወደድኩት ነው። ሕጉ ካልገባህ ታነባለህ፣ ሁለት ሕግ ከተጋጨ የትኛው ልዩ እንደሆነ ታያለህ። ሳይጥምህ ሲቀር ግን ማንበብ ዋጋ የለውም። ልቀይረው ነው ብለህ አፍ አውጥተህ መናገርና ጓደኞችህን መጠየቅ አለብህ። እኔ ሦስቱንም በጩኸት ነበር የማስኬደው።

ስለዚህ ቅዳሜ ሲመጡ ይቅርታ ጠየቅሁና የመቁጠሩን ሕግ ሻርኩት። አድቫንቴጅ የጨዋታው ምሰሶ ነው፣ እሱን ከነካህ የማታስበው ቦታ ይፈርሳል። መጀመሪያ በልቤ የያዝኩት «ራስህ ካላየኸው አድቫንቴጅ የለህም» የሚል ነበር፤ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ሌባውን በወረቀት ላይ ስሞክረው ጉም በገባ ቁጥር ዲስአድቫንቴጅ ብቻ ተረፈው። ጣልኩት። የተስማማንበት ጠባብ ነው፦ ከመሣሪያህ መደበኛ ርቀት በላይ ያለን የማታየውን ሰው ዒላማ ማድረግ አትችልም። አለቀ። ሌባውን አይነካም፣ ቅርብ ያለውንም ቀስተኛ አይነካም። እስከ ዘመቻው (የያዝነው ረጅም ታሪክ) መጨረሻም በ2014ቱ ብቻ ልንጫወት ተስማማን፣ ከአምስታችን አራታችን ያለን እሱ ስለሆነ። ሌባው አዲሱን መጽሐፍ አሁንም ይዞ ይመጣል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

መሃል ጨዋታ ላይ ለሚነሳው ደግሞ ሁለት ደቂቃ ሰጠን። በሁለት ደቂቃ ካልተገኘ እኔ እፈርዳለሁ፣ ፍርዱ ለዚያ ማታ ብቻ ይሠራል፣ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ በሳምንቱ ቡናው እስኪፈላ እናየዋለን። ሕግ የተማረው ደብተሩን ይዟል፣ ማንም ሳይሾመው። አሁን አሥራ አንድ ነገር ተጽፎበታል። ሰባቱ ስናነበው መልሱ መጽሐፉ ውስጥ ተገኝቷል፤ አብዛኞቹ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ይህንንም ጽፎታል።

ቀስተኛው አሁን ጉም ሲለቀቅ 150 ጫማ እስኪደርስ ቁልቁል ይሮጣል። ባለፈው ቅዳሜ በካርታው ላይ ካሬ እየቆጠረ ልክ 150 ላይ ቆመ፣ ሁላችንንም አየን፣ ዳይሱን እፍ አለበት፣ ጣለ። 1 ወጣ።