ነገሩ ያለው 1000 ላይ ነው

ምላጩን ያገኘሁት እዚሁ ጀርመን፣ ኮሎኝ፣ እሁድ ጠዋት ከሚዘረጋ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ጥቁር እጀታ ያለው የድሮ ታጣፊ ምላጭ። ብረቱ ዝጓል። ዝገቱን በአውራ ጣቴ ሳሸው «ዞሊንገን» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ስለቱን አገላብጬ አየሁት፣ አልተሸረፈም። ሻጩ አሥር ዩሮ አለኝ፣ ሳልከራከር ከፈልኩ።

ዞሊንገን ከኮሎኝ በባቡር ቅርብ ናት። ለዘመናት ሰይፍ፣ ቢላና ምላጭ ስትሠራ የኖረች ከተማ ናት፤ ስሟም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ እዚያ አካባቢ ያልተሠራ ስለት ላይ ማንም እየተነሳ «ዞሊንገን» ብሎ መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ብረቱ ጥሩ እንደሆነ ገምቻለሁ። የቀረው መሳል ብቻ ነው አልኩ።

ቢላ መሳል ደግሞ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ባደግኩበት ቤት የፋሲካ ዋዜማ ቢላ የምስለው እኔ ነበርኩ። ግቢው ውስጥ አንድ ለስላሳ ድንጋይ አለ፤ ውሃ እረጭበትና የቢላውን ጀርባ ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ ጫን ብዬ እስላለሁ። ድምፁ እስከ ጎረቤት ይሰማል። በጉን ካረደና ሥጋውን ከቆረጠ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ምላጭ ግን ሌላ ነገር ነው። ቢላ ስትስሉ አንግሉን የሚጠብቀው እጃችሁ ነው። ታጣፊ ምላጭ ላይ አንግሉን የሚጠብቀው ራሱ የምላጩ ጀርባ ነው። ድንጋዩ ላይ ጋደም ስታደርጉት ወፍራሙ ጀርባና ቀጭኑ ስለት እኩል ድንጋዩን ይነካሉ፣ ሠሪው የጀርባውን ውፍረትና የምላጩን ስፋት መጥኖ የሠራው ለዚህ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 16 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል፣ ሁለቱም አብረው ስለሚያልቁ ደግሞ ምላጩ ዓመታት ቢሳል አንግሉ ብዙም አይለወጥም። ይህን ሳውቅ በጣም ደስ አለኝ። ጀርባውን ከፍ የማድረግ የልጅነት ልማዴን ግን እጄ ቶሎ አልተወውም።

የመጀመሪያው ስህተቴ ድንጋይ ስገዛ ነው የጀመረው። የመሳያ ድንጋይ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድንጋዩ ይልማል። እኔ ምላጭ ለፊት ነው ብዬ ቀጥታ 8000 ገዛሁ። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ አሸዋለሁ። በሳምንቱ ምላጩ እንደ መስታወት አበራ። ፊቴን አረፋ ቀብቼ ጉንጬ ላይ ሳስቀምጠው ግን ጢሜን ጎተተው እንጂ አልቆረጠውም። ቆዳዬ ሁለት ቀን ሙሉ አቃጠለኝ። እንደገና አሸሁት፣ እንደገና አበራ፣ እንደገና ጎተተ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ።

መፍትሔው አንድ ተራ ማርከር ነበር። የስለቱን ጠርዝ ከሁለቱም ወገን በጥቁር ማርከር ትቀባላችሁ፣ ድንጋዩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ታስኬዱታላችሁ፣ ከዚያ ብርሃን ላይ ታያላችሁ። የእኔ ላይ ቀለሙ ከላይ ከላይ ለቋል፤ ዋናው ጫፍ ላይ ግን እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር ቀርቷል። ድንጋዩ ስለቱን ጨርሶ አልነካውም ማለት ነው! ያን ሁሉ ማታ ስወለውለው የነበረው ከስለቱ ጀርባ ያለውን ብረት ነው።

ስለት የሚባለው ሁለቱ ጎኖች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ካልተገናኙ ስለት የለም። እነሱን የሚያገናኘው ደግሞ ሻካራው ድንጋይ፣ 1000 ነው። 8000 ያለውን ስለት ያለሰልሳል እንጂ የሌለውን አያወጣም፤ ቢያወጣም ዕድሜ ልክ ይፈጃል። ጀማሪ ሁሉ ስለ ውዱና ስለ ልሙ ድንጋይ ነው የሚጠይቀው። እኔ ግን ገንዘብም ጊዜም ካላችሁ መጀመሪያ 1000 ላይ አውሉት እላለሁ።

1000 ሥራውን እንደጨረሰ በምን ታውቃላችሁ? ስለቱን ወደ ላይ አዙራችሁ አምፖል ስር ያዙት። የሚያብለጨልጭ ነጥብ ከታያችሁ እዚያ ቦታ ገና ነው፤ የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም። ከዚያ የክንዳችሁን ፀጉር ሞክሩ። ከእጀታው ጥግ እስከ ጫፉ፣ ሁሉም ቦታ እኩል መላጨት አለበት። መሀሉ ቆርጦ ጫፉ ካልቆረጠ ወደ ቀጣዩ ድንጋይ፣ ወደ 4000 አትለፉ። እኔ እዚህ ላይ ብቻ ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል፣ አይቆጨኝም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ድንጋዩ ራሱ ለጥ ያለ መሆን አለበት። አዲስ ነው ብላችሁ አትመኑት። ላዩ ላይ በእርሳስ መስመር አስምሩበት፣ ከዚያ ወፍራም መስታወት ላይ የብርጭቆ ወረቀት አንጥፋችሁ በውሃ እሹት። መስመሩ አንድ ቦታ ጠፍቶ ሌላ ቦታ ከቀረ ድንጋዩ ጎድጉዷል። የእኔ 8000 መሀሉ ላይ ያለው እርሳስ ከብዙ ማሸት በኋላ ነው የጠፋው።

አሁን ስለ እጅ። ቢላ ላይ የለመድኩት ጫና እዚህ ጠላት ነው። ምላጩ ጎኑ የጎደጎደና ቀጭን ስለሆነ ሲጫኑት ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ ደግሞ ጠርዙ ከድንጋዩ ይነሳል። ስለቱን ወደፊት አድርጌ፣ ከእጀታው በኩል ጀምሬ ወደ ጫፉ እያሻገርኩ አስኬደዋለሁ፤ ምላጩ ከድንጋዩ ስፋት ስለሚረዝም ሁሉም ቦታ የሚነካው እንዲህ ሲሆን ነው። መጨረሻ ላይ ስደርስ በጀርባው አገላብጬ እመልሰዋለሁ። ስለቱ በምንም ዓይነት ድንጋዩ ላይ መገልበጥ የለበትም፣ በአንድ ጊዜ የማታ ሥራ ሁሉ ይበላሻል። ትክክል ሲሄድ ድንጋዩ ላይ ያለው ውሃ ከስለቱ ፊት ፊት ይገፋል፣ ቀስ ብሎም ምላጩ ላይ ይወጣል። ያን ውሃ ማየት እወዳለሁ። አንድ ቦታ ላይ ውሃው ከስር ካለፈ ስለቱ እዚያ ጋ ድንጋዩን አልነካም፣ ወዲያው ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። 4000 የ1000ን ጭረት ያጠፋል፣ 8000 ደግሞ የ4000ን። ብዙ ሰው 12000 ይጨምራል። ቤልጂየም፣ አርደን ውስጥ የሚወጣ ኮቲኩል የሚባል ቢጫ የተፈጥሮ ድንጋይም አለ፤ በውስጡ ጋርኔት የሚባል የማዕድን ፍሬ አለው፣ የሚሞርደው እሱ ነው። ውድ ነው፣ ግን አንድ ቀን እገዛዋለሁ።

መጨረሻው ቆዳ ነው። ጠፍሩን መስኮቱ እጀታ ላይ አስሬ ወጥሬ እይዘዋለሁ፣ ምላጩን ከድንጋዩ በተቃራኒ ጀርባውን አስቀድሜ ሃምሳ ጊዜ ያህል አመላልሰዋለሁ። ጠፍሩ ከላላ ስለቱ ይዶለዱማል። ድንጋይ በየወራቱ ነው፣ ቆዳ ግን ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት።

ባለፈው ቅዳሜ ታናሽ ወንድሜ ቤት መጥቶ አየኝ። ጉንጬን ዳሰሰና «በል እኔንም ላጨኝ» አለ። እምቢ አልኩት። እኛ ስናድግ በየትምህርት ቤቱ፣ በየሬዲዮው ምላጭ በጋራ አትጠቀሙ እየተባልን ነው ያደግነው። ፀጉር ቤቶችም ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ የሚቀይሩት በምክንያት ነው። ይሄኛው የማይቀየር ብረት ነው፣ የአንድ ሰው ብቻ ነው። «እንግዲያው የራሴን ፈልግልኝ» አለኝ።

እሁድ ገበያ ሄጄ አንድ አገኘሁለት። ስለቱ መሀል ላይ ትንሽ ተሸርፏል፣ 1000 ላይ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይፈልጋል። ማርከሩን ዛሬ ማታ እቀባዋለሁ።