ፕላስቲኩ እስኪረግብ

ዛሬ ማታ ሰባተኛዋን ካኖፒ፣ የአብራሪውን መቀመጫ የምትሸፍነውን መስታወት፣ አወጣሁ። ስድስቱ የተበላሹት ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ልጥላቸው አልቻልኩም።

የምሠራው የፒ-51 ዲ ሙስታንግ ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል ነው፣ ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ (1/48)። እውነተኛው አውሮፕላን 9.83 ሜትር ይረዝማል። የኔው ከ20 ሳንቲሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከሞዴሉ ጋር የመጣው ካኖፒ ግን ወፍራም ነው። ወንበሩን፣ ቀበቶውን፣ የመለኪያ ጌጆቹን ስንት ሌሊት አጎንብሼ ቀብቼ፣ በዚያ መስታወት ውስጥ ሁሉም ተንሻፎ ሲታየኝ አንገበገበኝ። ስስ ካኖፒ ራሴ ላወጣ ተነሳሁ።

ዕቃው ቀላል ነው። ክዳኑ በ3 ሚሊሜትር ድሪል የተበሳሳ የእንጨት ሳጥን፣ ጎኑ ላይ የቫኪዩም ክሊነር ቱቦ መግቢያ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ በሲሊኮን የተደፈነ። ፕላስቲኩን በሁለት ፍሬም መሃል በክሊፕ እይዝና ኦቭን ውስጥ አስገባለሁ። ሲለሰልስ አውጥቼ ክዳኑ ላይ የተቀመጠው ሞልድ፣ የካኖፒው ቅርጽ ማውጫ፣ ላይ እጫነዋለሁ።

መጀመሪያ ሲበላሽብኝ አቅም ያነሰው ቫኪዩም ክሊነሩ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱ ፕላስቲኩን አይስብም። ከታች ያለውን አየር ያወጣል እንጂ፣ ፕላስቲኩን ሞልዱ ላይ የሚጫነው ከላይ ያለው የክፍሉ አየር ነው። የቤት ቫኪዩም ክሊነር የሚፈጥረው ልዩነት ከአየር ግፊት አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ያም ሆኖ 15 በ20 ሳንቲሜትር ፕላስቲክ ላይ ወደ 60 ኪሎ ያርፋል ማለት ነው። ጣት ለምታህል መስታወት ከበቂ በላይ ነው።

እኔ ቸኩዬ ነበር። የምጠቀመው 0.5 ሚሊሜትር ፒኢቲጂ የሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። ሙቀቱ ሲያገኘው መጀመሪያ ይሸበሸባል፣ ጠርዙ ሞገድ ይሠራል። ቀጥሎ መልሶ ይወጠራል። ሁለቱን ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው፤ ደርሷል ብዬ አወጣኋቸው። ገና ነው። ትንሽ ሲቆይ መሃሉ ቀስ ብሎ መርገብ ይጀምራል፣ እንደ ላላ የአልጋ ልብስ። ከፍሬሙ በታች አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ሲወርድ ሰዓቱ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው፤ ቫኪዩም ክሊነሩ ቀድሞ መሥራት መጀመር አለበት። ያችን ቅጽበት በኦቭኑ መስታወት ማየት እንዴት እንደምወድ!

ሦስተኛዋ ላይ ጥቃቅን አረፋ ወጣ። ፒኢቲጂ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አሁን ከመሥራቴ በፊት በ60 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት አደርቀዋለሁ።

ከሁሉም ያደከመኝ ሞልዱ ነው። ከባልሳ ነበር የጠረብኩት፤ የእንጨቱ መስመር አራተኛዋ ላይ እንዳለ ታተመ። ስቱኮ ቀባሁት፣ ከ400 እስከ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ወለወልኩት። አምስተኛዋ ስትወጣ ቀኝ ጎኗ ላይ ፀጉር የመሰለች መስመር አለች። ሞልዱን በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ ምንም የለም። አምፖል ሥር ገልበጥ ገልበጥ ሳደርገው ጭረቷ ታየች። ጥፍሬ ያላገኘውን ፕላስቲኩ አገኘው። በዚያው ሞልዱን በፕላስቲኩ ውፍረት ልክ አሳነስኩት፣ ከሥሩም ከፍ የሚያደርገው ጉርድ ለጠፍኩበት። ግርጌው ላይ የሚሰፋው ፕላስቲክ አሁን ከመቁረጫው መስመር በታች ይቀራል።

ስድስተኛዋ ጥርት ብላ ወጥታ ስቆርጣት ተሰነጠቀች። ያን ቀን መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ።

የእውነተኛው ሙስታንግ መስታወትም በሙቀት ለስልሶ ቅርጽ የወጣለት አክሪሊክ ነው። እጄ ላይ ያለችው ትንሿ በዚያው መንገድ መምጣቷ ደስ ይለኛል።

ሰባተኛዋ ሞልዱ ላይ እንዳለች ናት። የአምፖሉ ነጸብራቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይሰበር ይሄድባታል። ነገ ውስጧን ፕላስቲሲን (የልጆች መጫወቻ ጭቃ) ሞልቼ፣ በአዲስ ምላጭ፣ አንዱን መስመር አሥር ጊዜ ቀስ እያልኩ እቆርጣታለሁ። ሞዴሉ ላይ የምለጥፋት በነጩ የእንጨት ኮላ ነው፤ የሱፐር ግሉ ትነት መስታወቱን ያጉመዋል።