ወይ ፍንክች ያለው ክራንክ

ሳይክሌ መጮህ የጀመረችው ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ከለገሃር ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስወጣ ቀኝ እግሬ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር «ቀጭ» ትላለች። ሜዳ ላይ ዝም፣ ዳገት ላይ ቀጭ። መጀመሪያ ፔዳሉ መሰለኝ፣ ቀጥሎ ካቴናው። ሁለቱንም ዘይት አጠጣኋቸው። ለውጥ የለም። የቀረው መሃል ላይ ያለው ዘንግና ኩሽኔታው ነው። እሱን ለማየት ደግሞ ፔዳሎቹ የሚታሰሩባቸው ሁለት ክንዶች፣ ማለትም ክራንኮቹ፣ መውጣት አለባቸው።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ያለኝ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻና ከአንድ ጋራዥ የተዋስኩት የ14 ቁጥር ባለ ቧንቧ ቁልፍ ነው። ተራ ቁልፍ አይሆንም፤ ቡሎኑ ክንዱ ውስጥ ጠልቆ ነው የተቀመጠው።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ። የፕላስቲክ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈነቀልኩ፣ ቡሎኑን ፈታሁ። ክንዱ እጄ ላይ ዱብ የሚል መስሎኝ ነበር። ወይ ፍንክች ያባ ቢላዋ ልጅ!

ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ነው። የዘንጉ ጫፍ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ውጭ እየቀጠነ ይሄዳል። ቡሎኑ ሲጠብቅ ክንዱን እዚያ ላይ እንደ ሽብልቅ ይነክሰዋል። አንዴ ከተነከሰ ቡሎኑ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ለዚህ የተሠራ ማውጫ አለ፤ ክንዱ ላይ ባለው የ22 ሚሊ ሜትር ጥርስ (የቡሎን ማሰሪያ ጠመዝማዛ) ገብቶ ዘንጉን እየገፋ ክንዱን ወደ ውጭ ይስበዋል። የጠየቅኳቸው ሱቆች ግን አልነበራቸውም። አንዱ ጠጋኝ «ሳይክሉን አምጣው፣ እኔ አወጣልሃለሁ» አለኝ። እልህ ያዘኝና ተመለስኩ።

ከዚያ መዶሻ። ጣውላ ደግፌ ክንዱን ከኋላው መደብደብ ጀመርኩ። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ከታች ቤት ያሉት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። «ልጄ፣ ቡና ነው የምትወቅጠው ወይስ ሕንፃውን?» አፈርኩ። መዶሻውን ማስቀመጤ ግን በጀኝ። ምቱ በዘንጉ በኩል አልፎ የሚያርፈው ኩሽኔታው ላይ ነው። ላድነው የተነሳሁትን ዕቃ ነበር የምቀጠቅጠው።

ቀጥሎ አንድ ጓደኛዬ «ቡሎኑን ሁለት ዙር አላላውና ንዳው፣ ራሱ ይለቃል» አለኝ። ግቢው ውስጥ መዞር ጀመርኩ። ሦስተኛው ዙር ላይ የግራው ክንድ ወለም አለ። ወርጄ ስስበው ወጣ! ደስታዬ ግን ቀዳዳውን እስካይ ድረስ ብቻ ነበር። ክንዱ አሉሚኒየም፣ ዘንጉ ብረት ነው። ለስላሳው ተበልቷል። አራት ማዕዘኑ ክብ ለመሆን ዳር ዳር ብሏል። እንዲህ የሆነ ክንድ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ተመልሶ ይላላል። ስለዚህ ይህን ዘዴ ለማንም አልመክርም፣ ክንዱን ሊጥለው ለወሰነ ሰው ካልሆነ በቀር።

መርካቶ ወርጄ ሌላ ግራ ክንድ ገዛሁ። የአሮጌው ጀርባ ላይ 170 የሚል ታትሟል፤ ከዘንጉ መሃል እስከ ፔዳሉ መሃል ያለው ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው። ያንኑ ቁጥር ፈልጌ ነው የገዛሁት። ፔዳሉን ወደ አዲሱ ሳዛውር ደግሞ ሌላ ትግል። የግራ ፔዳል የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን አስቀድሜ ባውቅ መዳፌ ባልተላጠ ነበር።

የቀኙን በእልህ አልነካሁትም። ቁልፉን የተዋስኩበት ጋራዥ ሄጄ ኩሽኔታ ማውጫ ለመንኩ። ሁለት መንጠቆ እግሮችና መሃሉ ላይ ረጅም ብሎን ያለው ነው። መካኒኩ ሲሰጠኝ ዋናውን ነገር ነገረኝ። «ባዶውን ዘንግ እንዳትገፋ፣ ጥርሱን ትፈጀዋለህ። ቡሎኑን መልሰህ እሰር፣ ግን ሁለት ሦስት ሚሊ ክፍተት ተው። ማውጫው ቡሎኑን ይግፋ።» ክንዱ ያቺን ሁለት ሚሊ ከተንቀሳቀሰ በቂ ነው። የቀረውን እጅ ይጨርሰዋል።

እግሮቹን የት እንደማነክስ ማሰብ ነበረብኝ። ካቴናው የሚዞርበት ጥርስ ላይ ካነከስክ ይጎብጣል። ከሱ ኋላ፣ ክንዱ እንደ ኮከብ የሚዘረጋባቸውን ወፍራም እጆች ፈልጌ አነከስኩ። አጠበቅኩ። ብሎኑ ገተረ፣ ክንዱ ዝም። አሁንም መዶሻ አማረኝ። ከታች ያሉትን እናት አስቤ ተውኩት።

ማንቆርቆሪያ ጣድኩ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይሰፋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ለዚህ ግን አላነሰም። ክንዱን ባልዲ ላይ አድርጌ ውኃውን ቀስ ብዬ አፈሰስኩበትና ማውጫውን ሩብ ዙር ጨመርኩ። «ጧ!» አለ። የሆነ ነገር የሰበርኩ መስሎኝ ደነገጥኩ። ክንዱ ነበር፣ ለቀቀ። ቀዳዳው አራቱም ማዕዘን እንዳለ ነው።

ውስጡ ያው የጠረጠርኩት ሆነ። ግሪሱ ደርቆ ሙጫ መስሏል። ኳሶቹን ቆጠርኩ፤ በግራ 11፣ በቀኝ 10። አንዷ የለችም። ኳሶቹ ሩብ ኢንች ናቸው። አንድ ብቻ መጨመር አልፈለግኩም፣ ሁሉንም ቀየርኩ። በቀኝ በኩል የተጠመዘዘውን የኩሽኔታ ጽዋ፣ ማለትም ኳሶቹ የሚቀመጡበትን ቀለበት፣ እዚያው ተውኩት። የሱ ጥርስ ግልብጥ ነው፤ ሳያውቁ የሚታገሉት ሰዎች ጭራሽ ያጠብቁታል።

ስመልሰው ቡሎኑ 40 ኒውተን ሜትር ያህል የማጥበቅ ኃይል ይፈልጋል። መለኪያ ቁልፍ የለኝም። የቁልፌ እጀታ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ያ ማለት ጫፉ ላይ 20 ኪሎ ማሳረፍ ነው። በውኃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስንት ጊዜ አራተኛ ፎቅ አውጥቻለሁ! ክብደቱን ክንዴ ያውቀዋል፣ በዚያ ልክ ተጫንኩት።

እሁድ ጠዋት ቸርችልን ወጣሁ። ድምፅ የለም፣ የኔ ማለክለክ ብቻ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአክስቴ ልጅ ያን ዋናውን ማውጫ ከዱባይ ይዞልኝ መጣ። የሚያብረቀርቅ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል። ጋራዥ ወስጄ ለመካኒኩ አሳየሁት። አገላብጦ አየውና «ልጄም ሳይክል አለው» ብሎ ኪሱ ከተተው። ነገ እመልሳለሁ ብሏል።