ነጎድጓድ ነው፣ ተኙ

ሌሊቱን መብራት ጠፍቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከእሁድ ጀምሮ አንድ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጧል። ላፕቶፑን የከፈትኩትም ስለሱ ልጽፍ ነበር። እህቴ የላከችልኝን መልእክት ሦስቴ አነበብኩት፣ መልስ ጀመርኩ፣ አጠፋሁት፣ እንደገና ጀመርኩ። በዚህ መሀል ነጎድጓዱ መጣ። መስኮቱ ተርገፈገፈ። የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ጸጥ አለ።

እኔ ደግሞ ጎጅራ የሚለው ፊልም ትዝ አለኝ፤ ፈረንጆቹ ጎድዚላ የሚሉት፣ ከባሕር ወጥቶ ከተማ የሚያፈርሰው ግዙፍ አውሬ። የጃፓኑ፣ ጥቁርና ነጩ፣ በፈረንጆቹ 1954 የወጣው። ላፕቶፔ ላይ አለ። ሲከፋኝ የማየው እሱን ነው። 96 ደቂቃ ነው፣ ባትሪው ይበቃል ብዬ ከፈትኩት።

ሲጀምር ጥቁር መደብ ላይ ስሞች ብቻ ናቸው የሚታዩት። ዱም። ዱም። የእግር ኮቴ ነው። ከዚያ ጩኸቱ ይመጣል።

ያ ጩኸት እንዴት እንደተሰራ ካወቅኩ ወዲህ እንደ ድሮው አልሰማውም። መጀመሪያ የእንስሳት ድምፅ ሞክረው ነበር፣ አልሆነላቸውም። ከዚያ የሙዚቃው ደራሲ አኪራ ኢፉኩቤ ኮንትራባስ አሰበ፤ ያ ሰው ቆሞ የሚጫወተው ትልቁ ባለ ወፍራም ክር መሣሪያ። ክሮቹን አላልተው፣ የቆዳ ጓንት ላይ የጥድ ሙጫ ቀብተው፣ በጓንቱ ክሩን ይዘው ሳቡት። የተቀዳውን ድምፅ አዘግመው አጫወቱት። በቃ፣ ይሄው ነው። ማሲንቆ ሲመታ በቅርብ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አዝማሪው ጭራውን እጣን ካላስነካው ደጋኑ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ክሩን ይዞ የሚያስለቅሰው እጣኑ ነው። የጎጅራ ጩኸት ለኔ የቁጣ ሳይሆን የለቅሶ የሚመስለኝም ለዚህ ይሆናል። የሆነ ነገር ተይዞ ሲጎተት ይሰማል።

ልጅ ሆኜ የማውቀው ሌላውን ነበር። ቪዲዮ ቤት በሽልንግ ገብተን፣ አግዳሚ ላይ ተጣበን ያየነውን የአሜሪካኑን፣ የ1998ቱን። እሱ ኒውዮርክ ውስጥ ይሮጣል፣ እኛ እናፏጫለን። ሲያልቅ አቧራውን እያቦነንን፣ እሱን እየሆንን ወደ ቤት። ደስ ይል ነበር። ስለ ዓሣ አጥማጆቹ ግን ማንም አልነገረን።

ነገሩ የሚጀምረው ከነሱ ነው። ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ ቢኪኒ የሚባል ቦታ፣ ሰላማዊ ውቅያኖስ መሀል፣ የሃይድሮጅን ቦምብ ሞከረች። ፍንዳታው ከጠበቁት ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ 15 ሜጋቶን። አንዲት የጃፓን ቱና አጥማጅ ጀልባ ከተከለከለው ክልል ውጭ ነበረች። ስሟ እድለኛው ዘንዶ ቁጥር 5 ነው። እድለኛው! 23 ሰዎች ነበሩባት። ከፍንዳታው በኋላ ከሰማይ የቦምቡ ጨረር ያለበት ነጭ አመድ ይዘንብባቸው ጀመር። ፀጉራቸው ላይ፣ መረባቸው ላይ። በባዶ እጃቸው ነው የነኩት። የሬዲዮ ሠራተኛው አይኪቺ ኩቦያማ ሴፕቴምበር 23 ሞተ፣ ገና 40 ዓመቱ ነበር። ፊልሙ ያን ጊዜ እየተሰራ ነበር። ኖቬምበር 3 ሲኒማ ቤት ሲገባ ሰውየው ከሞተ 6 ሳምንት እንኳን አልሞላውም።

እንግዲህ ይህን እያወቃችሁ የፊልሙን መጀመሪያ እዩት። መርከብ ላይ መርከበኞቹ ተቀምጠዋል። አንዱ ጊታር ይመታል፣ አንዱ ሃርሞኒካ ይነፋል። ድንገት ባሕሩ ያበራል። ያኔ ሲኒማ ቤት የተቀመጠ ሰው ምን እያየ እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም ነበር። ይኸው አሁንም አንጀቴን ይበላኛል።

ፊልሙን ያሰበው ፕሮዲውሰሩ ቶሞዩኪ ታናካ ነው። ከኢንዶኔዥያ ጋር ሊሰሩት የነበረ ሌላ ፊልም ፈርሶበት፣ ባዶ እጁን ወደ ቶኪዮ እየበረረ፣ ከታች ያለውን ባሕር ያያል። እዚያ ስር የተኛ ነገር ቢኖርና ቦምቡ ቢቀሰቅሰውስ ብሎ አሰበ ይባላል። ስሙም ከጎሪላና ከኩጂራ ተገጣጥሞ ወጣ። ኩጂራ በጃፓንኛ ዓሣ ነባሪ ነው።

የሚገርመኝ ግን ልብሱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው። የልዩ ትዕይንቱ ኃላፊ ኤጂ ቱቡራያ የ1933ቱን ኪንግ ኮንግ አይቶ ልቡ የተነካ ሰው ነው። እንደዚያ አሻንጉሊት በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሰ፣ አንድ አንድ ምስል እያነሳ መስራት ፈልጎ ነበር። ጊዜ የለም። ስለዚህ ሰው ውስጡ ገብቶ የሚሄድበት ልብስ አሰሩ። ሽቦ፣ ቀርከሃ፣ ከላይ ጎማ። የመጀመሪያው ወደ 100 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ደርቆ እንደ ግንድ ሆነ፣ ለብሶት መራመድ አልተቻለም። የገባበት ሃሩዮ ናካጂማ ነው፣ ያኔ 25 ዓመቱ። እንስሳት ማቆያ ሄዶ ዝሆኑና ድቡ እንዴት እንደሚረግጡ ቆሞ ሲያይ ይውል ነበር። ከዚያ መጥቶ በስቱዲዮ መብራት ስር፣ ያ ጎማ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚችለው። ሲወጣ ላቡ ከልብሱ ይቀዳ ነበር።

ከተማውን፣ ቶኪዮን፣ ደግሞ 25 ጊዜ አሳንሰው ሰሩት። ጎጅራ 50 ሜትር ነው፣ ሲካፈል 2 ሜትር፤ ልብስ የለበሰ ሰው ማለት ነው። ግንቡ ከብዶ እንዲወድቅ ካሜራውን አፍጥነው ይቀርጻሉ፣ ሲታይ ይዘገያል። ጊንዛ በሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ያለውን ባለ ሰዓት ሕንፃ ሲያፈርስ ልብ ብላችሁ እዩት፣ ፍርስራሹ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ሞዴል እንደሆነ ያስታውቃል። ይታወቅ፣ ምን ችግር አለው? እነዚህ ሰዎች ከተማቸው በጦርነቱ እውነት ስትቃጠል ካዩ ገና 9 ዓመት ቢሆናቸው ነው። ያቺኑ ከተማ በእጃቸው መልሰው፣ መስኮት በመስኮት ሰርተው፣ እንደገና አቃጠሏት። ይህን ሳስብ ዝም ነው የምለው።

ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ራሱ ወታደር ነበር። ለዓመታት ቻይና ከርሞ፣ በ1946 ወደ አገሩ ሲመለስ በሂሮሺማ አልፏል። ለዚህ ይመስለኛል ፊልሙ ከጥፋቱ በኋላ ቶሎ የማይሄደው። ሌላ ፊልም ቢሆን ወደ ጀግናው ይሮጥ ነበር። እሱ ሆስፒታል ይወስደናል። ሰው መሬት ላይ ተደርድሮ ተኝቷል። አንድ ሳይንቲስት የጨረር መለኪያውን አንድ ሕፃን ላይ ይይዛል፣ መለኪያው ጠጠጠጠ ይላል፣ ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል። በቃ ይሄን ብቻ።

ከሁሉም ግን አንዲት ሴት አለች። ስም የላትም። ከተማው ይነዳል፣ ግድግዳ ስር ኩርምት ብላ ልጆቿን አቅፋለች። አትሮጥም። ልጆቿን ወደ አባታችሁ ልንሄድ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረን ትላቸዋለች። አባታቸው በጦርነቱ የሞተ ይመስላል፣ ፊልሙ አያብራራም። ከሰከንዶች በኋላ ካሜራው ትቷት ያልፋል።

ዛሬ እዚያ ላይ አቆምኩት።

በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1983 አዲስ አበባ ያለው ጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አምስት ዓመቴ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ነው። አልጋው ከነፍራሹ ተነስቶ የወረደ መሰለኝ። መስኮቱ ቀላ። እማዬ እኔንና እህቴን ጎትታ አልጋው ስር ከተተችን፣ እሷም ገባች፣ ነጠላዋን ራሳችን ላይ ጣለችብን። የነጠላው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ጭስና ቅቤ። አባባ ከሰሜን ገና አልተመለሰም ነበር።

እማዬ ያኔ ምን አለችን? "ነጎድጓድ ነው፣ ተኙ።" ደጋግማ። ነጎድጓድ ነው፣ ተኙ። ጣሪያው ላይ አንድ ጠብታ እንኳን አልሰማሁም። ነጎድጓድ እንዳልሆነ አውቅ ነበር፤ በአምስት ዓመትም ቢሆን ይታወቃል። ግን ዓይኔን ጨፈንኩ፣ የተኛሁ መስዬ ተኛሁ።

የፊልሟ እናት እውነቱን ነገረቻቸው። የኔዋ ዋሸችን። ሁለቱም ልጆቻቸውን የያዙት በአንድ ዓይነት አያያዝ ነው፣ ያቺን ቦታ ዛሬ እያቆምኩ አራት ጊዜ አየኋት፣ እጇ የልጇን ራስ ወደ ደረቷ የሚጫንበትን። እማዬም እንዲህ ነበር የያዘችን። ያኔ ልቧ ውስጥ የነበረው ቃል የትኛው ነው? ወደ አባታችሁ ልንሄድ ነው የሚለውን አስባው፣ ውጣው፣ በምትኩ ነጎድጓድ ያለችን ብትሆንስ? እኔስ እንዳወቅኩ ታውቅ ነበር? በጨለማ፣ በነጠላ ስር፣ ሁለታችንም አንዳችን ለአንዳችን ስንል ዝም ብለን ይሆን?

ባትሪው 6 በመቶ ላይ ነው። ዝናቡ አልቆመም። አሁን ደግሞ አንድ ትልቅ ነጎድጓድ መጣ፣ ከግድግዳው ወዲያ የእማዬ አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁ። ነቅታለች። ሁሌም እንዲህ ነው የምትነቃው? ሄጄ አጠገቧ ብቀመጥ፣ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ፣ በምን ብዬ ነው የምጀምረው?