አንድ ጆሮ፣ በአምስት ደቂቃ ሦስት ውጤት

ደሴ ውስጥ በምሠራበት ድህረ ወሊድ ክፍል የጨቅላ ሕፃናትን የመስማት ልየታ ምርመራ ስንጀምር የመሣሪያው መልስ «አለፈ» ወይም «ይድገም» ብቻ ነበር። የአንዲት ሕፃን ግራ ጆሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ «ይድገም»፣ በሦስተኛው «አለፈ» ሲል ግን ባልደረቦቼ መሣሪያው ተበላሽቷል አሉ፤ እኔም ለጥቂት ቀናት አመንኋቸው።

ይህ ምርመራ የሚለካው ሕፃኑ መስማቱን ሳይሆን የውስጥ ጆሮን ምላሽ ነው። ፕሮቡ፣ ማለትም ጆሮ ውስጥ የሚገባው የመሣሪያው ጫፍ፣ ድምፅ ሲልክ በኮክሊያ (ቀንድ አውጣ መሰሉ የውስጥ ጆሮ ክፍል) ያሉት ውጫዊ ፀጉራማ ሕዋሳት ጤነኞች ከሆኑ እጅግ ደካማ ድምፅ መልሰው ያወጣሉ፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1978 የዘገበው እንግሊዛዊው ዴቪድ ኬምፕ ነው። ድምፁ መሃል ጆሮንና የጆሮ ቱቦን ሲሄድም ሲመለስም ስለሚያቋርጥ፣ በመንገዱ ያለ ትንሽ እንቅፋት ሁሉ ውጤቱን ያዛባል።

በመጀመሪያ መሣሪያውን ራሱን ፈተንሁ። በየጠዋቱ የራሴን ጆሮ ለካሁ፤ ቁጥሮቹ ከቀን ቀን እምብዛም አልተለዋወጡም። ፕሮቡን በሙከራ ቱቦ ውስጥም አስገባሁት፤ ባዶ ቱቦ «አለፈ» ቢባል ኖሮ ጥፋቱ የመሣሪያው ይሆን ነበር። አልተባለም።

ከዚያ በኋላ ነው ችላ ያልሁትን የቁጥር ገጽ የከፈትሁት። በየድምፁ ቅጥነት የሕፃኑ ምላሽና የአካባቢው ጫጫታ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ በእኛ መሣሪያ ምላሹ ከጫጫታው ቢያንስ በ6 ዴሲቤል መብለጥ አለበት። የነሐሴ ዝናብ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድብ፣ ወይም ሕፃኗ ጡት ፍለጋ ስትልስ፣ በተለይ ወፍራሞቹ ድምፆች በጫጫታ ይዋጣሉ፤ ጫጫታው ዝቅ ብሎ ምላሹ ሲጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ችግሩ ከጆሮው ሊሆን ይችላል። ሁለቱን «ይድገም» በሚል አንድ ቃል ስንጽፍ መቆየታችን እስካሁን ያሳፍረኛል።

የቀረው የእጅ ሥራ ነበር። ትንሽ የጎማ ጫፍ መምረጤ ድምፁን ያሾልከው ነበር፤ ተለቅ ያለውን አድርጌ፣ የጆሮውን ቅጠል በቀስታ ወደ ታችና ወደ ኋላ ስስብ ብዙ ተሻሻለ። ጊዜውም ተለወጠ፦ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የጆሮ ቱቦው ውስጥ ነጭ ቅባትና ፈሳሽ ስለሚኖር፣ አራሷ ከመውጣቷ ጥቂት ቀደም ብለን መለካት ጀመርን፤ ያላለፉትን ደግሞ በ6ኛው ሳምንት ክትባት ቀን ቀጠርናቸው።

ከሁሉ የከፋው ስህተቴ ግን «አለፈ» እስኪል ደጋግሞ መለካት ነበር። በተደጋገመ ቁጥር በአጋጣሚ የማለፍ ዕድሉ ስለሚጨምር፣ አሁን በአንድ ቀጠሮ ለአንድ ጆሮ ከሁለት ሙከራ አልፈን አንሄድም።

የዚያች ሕፃን አያት፣ «ኧረ ወላሂ ትሰማለች ሲስተር፣ በር ሲንኳኳ ደንግጣ ትነቃለች!» ብለውኝ ነበር። «እማማ፣ በሩን በአንዱ ጆሮም ይሰሙታል» አልኋቸው፤ ደስ አላላቸውም። በስድስተኛው ሳምንት ልጅቱ ተኝታ፣ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሲለካ፣ ቀኙ በመጀመሪያው ሙከራ አለፈ። በግራው ጫጫታው ዝቅተኛ፣ ጫፉም ጥብቅ ሆኖ ምላሽ አልተገኘም፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። የአእምሮ ግንድ የመስማት ምርመራ (ድምፅ በነርቭ በኩል አእምሮ ግንድ መድረሱን የሚለካው) እንዲደረግላት የሪፈር ወረቀቷን ስጽፍ ቁጥሮቹንም አብሬ ገለበጥሁ።