የ12 ፔንስ ዕዳ

ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ያለችኝ ሴት አርሱላ ኬምፕ ናት። የእንግሊዝ ሴት ናት፤ ኤሴክስ ውስጥ ሴንት ኦሲት በምትባል መንደር የኖረች ድሃ። የሰው ልጅ ታጠባለች፣ የታመመ ሲኖርም ትጠራለች። በ1582 በመተተኛነት ተከሳ ተሰቀለች። (እንግሊዝ ውስጥ በመተት የተፈረደበት የሚሰቀለው እንጂ የሚቃጠለው አልነበረም።)

ነገሩ የጀመረው ከጎረቤቷ ከግሬስ ተርሎ ጋር ነው። የግሬስ ልጅ ታሞ ሳለ አርሱላ መጥታ እጁን ይዛ አባብላው ነበር፤ ተሻለውም። ግሬስ ሌላ ልጅ ስትወልድ ግን ሕፃኗን እንድታጠባት አርሱላን አልፈቀደችላትም። በዚህ ተቀያየሙ። ብዙም ሳይቆይ ሕፃኗ ከተኛችበት ወድቃ አንገቷ ተሰብሮ ሞተች።

ቀጥሎ ግሬስ እግሯን ያዛት። አርሱላ በ12 ፔንስ ላድንሽ አለቻት፤ ተስማሙ፣ ተሻላት። ሒሳቡን ስትጠየቅ ግን ግሬስ "ድሃ ነኝ፣ ከየት ላምጣ?" አለች። እሺ፣ በገንዘቡ ፋንታ አይብ ስጪኝ። አይብም የለኝም። አርሱላ ተናዳ ሄደች። ሕመሙም ተመለሰ።

እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። ያልከፈለችው ግሬስ፣ የተከሰሰችው አርሱላ! የዘመኑን ክሶች ሳነብ ይኸው ነገር ይደጋገማል። አንዷ ድሃ ወተት ወይ እርሾ ትለምናለች፤ ትከለከላለች፤ እያጉረመረመች ትሄዳለች። ከዚያ ከብት ይሞታል ወይም ልጅ ይታመማል። የከለከለው ሰው ያን ማጉረምረም ያስታውሳል። በ1612 ላንካሻየር ውስጥም አሊዘን ዴቫይስ የምትባል ልጅ አንድ አዟሪ ነጋዴን ስፒል ጠይቃ ከለከላት፤ ወዲያው ወድቆ ሽባ ሆነ። ዛሬ ቢሆን ስትሮክ እንለው ነበር። እሷ ግን ራሷ እንዳደረገችው አምና ይቅርታ ለመነችው።

ግሬስን ልጠላት አልቻልኩም። ልጇን ቀብራለች፣ እግሯን ታማለች፣ እሷም ድሃ ናት። ያን ሁሉ መከራ የምታስርበት አንድ ምክንያት ፈለገች፤ ቅርቧ የነበረችው ደግሞ የተጣላቻት ሴት ናት።

ምርመራውን የያዘው ብራያን ዳርሲ ግን ሌላ ነው። የተማረና ባለሥልጣን ሰው ነው፤ የሁለት ሴቶች ጠብ ሰፈር ውስጥ እንዲያልቅ ማድረግ ይችል ነበር። እሱ የአርሱላን የ8 ዓመት ልጅ አስጠርቶ በእናቱ ላይ አስመሰከረው። ልጁም እናቴ መናፍስት አሏት፣ ሁለቱ ድመት ይመስላሉ፣ አንዱ ጓጉንቸር፣ አንዱ በግ ብሎ ተናገረ። እሷንም እውነቱን የሚናገር ምሕረት ያገኛል አላት። አርሱላ አመነችው። ተንበርክካ እያለቀሰች የጠየቃትን ሁሉ አደረግሁ አለች፤ ያንኑ ቃሏን ይዘው ሰቀሏት። ይህን ሰው ይቅር የምልበት አንጀት የለኝም።