ባዶ ሰዓትም ይመዘገባል

በቦዬ ረግረግ ዳር ቆሞ ጉማሬ ለመቁጠር የሞከረ የጅማ ሰው፣ ባሕር ላይ ዓሣ ነባሪ የሚቆጥሩ ተመራማሪዎች የሚገጥማቸውን ችግር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጉማሬው አምስት ደቂቃ ያህል ጠልቆ ይቆያል፤ ብቅ ሲልም ጆሮውን አራግፎ፣ በአፍንጫው ውኃ እፍ ብሎ ወዲያው ይሰወራል። ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ ሌላ ጥንድ ጆሮ ሲታይ ያው ይሁን ሌላ መለየት ያስቸግራል።

በአውሮፓ ባሕሮች ይህን መሰሉን ቆጠራ ከሚያካሂዱባቸው መንገዶች አንዱ በመደበኛ የመንገደኛ መርከቦች መሳፈር ነው። ለጥናት ብቻ መርከብ መከራየት እጅግ ውድ ስለሆነ፣ የሠለጠኑ ተመልካቾች በካፒቴኑ ፈቃድ ማዘዣ ክፍሉ ውስጥ ወይም ከፍ ያለ ወለል ላይ ቆመው፣ መርከቡ መንገደኞቹን ይዞ በመስመሩ ሲመላለስ የሚያዩትን ይመዘግባሉ። በሜዲትራኒያን ባሕር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በርካታ ተቋማት ተባብረው ይህን ሲሠሩ ቆይተዋል። ከእንግሊዝ ወደ ሰሜን ስፔን የሚጓዙ መርከቦችም የቢስኬ ባሕረ ሰላጤን ጥልቅ ሸለቆዎች ስለሚያቋርጡ፣ በጥልቅ ውኃ የሚኖረውንና እምብዛም የማይታየውን የኩቪዬር ምንቃራም ዓሣ ነባሪ ሳይቀር ለማየት አስችለዋል።

ከሁሉ በላይ የማረከኝ የአመዘጋገባቸው ጥንቃቄ ነው። ለባሕር ወፎች ከመርከቡ በአንድ ወገን 300 ሜትር ስፋት ያለው መስመር ይወስዱና፣ ውኃ ላይ ያረፈውን ወፍ ከ50 ሜትር በታች፣ ከ50 እስከ 100፣ ከ100 እስከ 200 ወይም ከ200 እስከ 300 ሜትር ብለው በርቀቱ ይመድቡታል። የሚበር ወፍ ግን ከመርከቡ ስለሚፈጥን፣ ያለፈውን ሁሉ መቁጠር ቁጥሩን ያለ አግባብ ያበዛዋል፤ ስለዚህ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት፣ በዚያች ቅጽበት በመስመሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ይቆጥራሉ። ለዓሣ ነባሪና ለዶልፊን ርቀቱንና ከመርከቡ አቅጣጫ ያለውን ማዕዘን ይጽፋሉ፤ እንስሳው እየራቀ ሲሄድ የመታየት ዕድሉ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚሰላው ከዚህ ነው።

የባሕሩ ሁኔታም አብሮ ይጻፋል። ፖርፖይዝ የተባለችው ዶልፊን መሰል ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ የነፋስን ኃይል በባሕሩ ገጽታ በሚገምተው የቦፎርት መለኪያ ከ2 በላይ የሆነ ማዕበል ሲነሣ ለማየት እጅግ ታዳግታለች። ስለዚህ ምንም ያልታየበት ሰዓት ትርጉም የሚኖረው ባሕሩ እንዴት እንደነበረ፣ ማን እንደተመለከተና ከየት እስከ የት እንደተመለከተ ሲታወቅ ነው። «አልታየም» እና «አልተፈለገም» በአንድ ባዶ ቦታ ከተጻፉ ከዓመታት በኋላ ማንም ሊለያቸው አይችልም።

እርግጥ መርከቡ የሚሄደው ንግዱ በሚወስደው መስመር እንጂ እንስሳቱ በሚበዙበት አይደለም፤ ዶልፊን ታየ ተብሎም አይቆምም። ስፐርም የተባለው ዓሣ ነባሪ ለአንድ ሰዓት ያህል ሊጠልቅ ይችላል፤ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ መርከብ እስከዚያ ከአካባቢው ርቋል። ቢሆንም ያው መስመር በየወቅቱ በአንድ ዓይነት ደንብ ሲታይ የሚገኘው ንጽጽር፣ በእኔ እምነት፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሚደረግ ትልቅ ዘመቻ የሚተካ አይደለም።

ቦዬ ይህን ዓይነት መዝገብ በእጅጉ ያስፈልገዋል። የጡብ ሥራው፣ እርሻውና ባሕር ዛፉ ረግረጉን ከየአቅጣጫው እየገፉት ሳለ፣ አንዱ «ጉማሬው ሊያልቅ ነው» ሲል ሌላው «ኧረ በዝቷል» ይላል፤ ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ቀን ካዩት ተነሥተው ነው። እኔና ጓደኞቼ አሁን ከአንድ ቦታ፣ በተመሳሳይ የማለዳ ሰዓት እንመለከታለን፤ ዳክዬዎቹ ተነሥተው ሲዞሩ እየተከተልን አንደምርም፤ ጉማሬውንም አንድ የመጥለቂያ ጊዜ እስኪያልፍ ጠብቀን፣ በአንድ ጊዜ ከታዩት ትልቁን ቁጥር እንይዛለን። ጉም ረግረጉን በሸፈነበት ማለዳም የመጣንበትንና የተመለስንበትን ሰዓት፣ የታየንን ርቀትና ዜሮውን ጽፈን እንፈርማለን።